ማንም አልበላኝም፤ የበላሁት እኔው ነኝ

ፍራንክፈርት፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ለአባባ እና ለሚጡ

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንደ ወጉ "ከናፍቆታችሁ በቀር" ብዬ ላልፈው ነበር። ዘንድሮ ግን ሌላም ነገር ተጨምሯል። ከናፍቆታችሁና ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ።

እማዬ፣ መነጽርሽ ቢገኝ ራስሽ ታነቢው ነበር። እንደማይገኝ ስለማውቅ የምታነብልሽ ሚጡ ናት። ሚጡ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። በቅንፍ ያስቀመጥኩትን ዝለይው፤ እሱ ላንቺ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት በቴሌግራም የላክሁትን ፎቶ አይተሽ እልል አልሽ አሉ። "ልጄ ወፈረልኝ! ጉንጩ ሞላ! አገሩ ተስማማው!" ብለሽ እማሆይ ዘንድ ድረስ ይዘሽ ሄደሽ አሳየሽ አሉ። ደስታሽን ማበላሸት አልፈልግም ነበር። ግን እማሆይ ስለት ሳያስገቡ እውነቱን ልንገርሽ። ያን ፎቶ የተነሳሁት ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋ ሽንት ቤት ስመላለስ ባደርኩበት ማግስት ነው። ጉንጬ የሞላው በምቾት አይደለም። አብጦ ነው።

በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ "ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?" ስንባባል ያልቃል። ደግሞ ገና "ሆዴን..." ስል "ልጄን ገደሉት!" ብለሽ ጎረቤት ትሰበስቢያለሽ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ሚጡ እስክትጨርስ ግን አትጩሂ።

እንደምታውቂው ዘንድሮ የእኛም የፈረንጆቹም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ አንድ ቀን ዋለ። ሁዳዴን ጾሜያለሁ፤ 55ቱንም ቀን። አትጠራጠሪ። እዚህ ጾም ማለት ሽሮ፣ ምስር፣ እንደገና ሽሮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ድስት ሙሉ እሠራለሁ። በፕላስቲክ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ እደረድራለሁ። ሌሊት ከሥራ ስመለስ አንዱን አሙቄ፣ ምድጃው አጠገብ ቆሜ እበላለሁ። ቆሞ መብላት እንደማትወጂ አውቃለሁ። ግን ለአንድ ሰው ገበታ ማቅረብ ምን ያደርጋል? ጾሙ ሲያልቅ 4 ኪሎ ቀንሻለሁ።

መጋዘኑ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ አለ። የናፖሊ ልጅ ነው። ሰውነቴ ሲከሳ እያየ ያዝንልኝ ነበር። "ጾምህ ሲያልቅ አያቴ ዘንድ እወስድሃለሁ" አለኝ። ቃሉን ጠበቀ። ትንሣኤን ቤተ ክርስቲያን አድሬ፣ ከሐበሾቹ ጋር ፈስኬ፣ ማክሰኞ ተነሳን። ከፍራንክፈርት ናፖሊ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሳምንቱ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። አፌን የሚይዝልኝ አንድም ነገር አልነበረም።

አባባ፣ እርስዎ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ጣሊያን በየቦታው ተሸንፎ መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠው ጎንደር ላይ ነው፤ ህዳር 1934። ቅድመ አያታችን በረሃ ወርደው የተዋጉት የልጅ ልጃቸው ልጅ ናፖሊ ሄዶ ማዕድ እንዲልስ ነው ወይ? ይበሉኝ። ይገባኛል። እኔም አውሮፕላኑ ላይ ትንሽ አስቤበት ነበር። ፒዛው ሲመጣ ረሳሁት።

ናፖሊ እንደደረስኩ ያሳቀኝ "ፒያሳ" የሚለው ቃል ነው። በየመንገዱ ፒያሳ አለ። እኛ አንዷን ፒያሳችንን ከነፖስታ ቤቷ፣ ከነሲኒማ ቤቷ ይዘን ስንኮራ ኖርን። ከከተማው ጀርባ ቬሱቪዮ የሚባለው እሳተ ገሞራ ተጎልቷል። መንደሩ ጠባብ ነው፤ ልብስ ከመስኮት መስኮት ተሰጥቷል፤ ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው። የሚጣሉ መስሎኝ ላገላግል ነበር። ስለ እግር ኳስ ነው የሚያወሩት።

የባልደረባዬን አያት ሁሉም ኖና ይላቸዋል፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። እኔም ኖና አልኳቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ዳቦ ሲፈልጉ ዘንቢል በገመድ አስረው ከሰገነታቸው ወደታች ይለቁታል። ባለሱቁ ዳቦውን ይከትበታል፤ ይስቡታል። እማዬ፣ ጉልበትሽን ሲያምሽ ይህን ብናደርግልሽ ብዬ አሰብኩ። ቤታችን ግን ፎቅ የለውም።

መጀመሪያ የበላሁት ፒዛ ነው። እኛ ፒዛ የምንለው ሌላ ነገር ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። የእነሱ ምድጃ በእንጨት የሚነድ ነው። ግለቱ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ሊጡ ገብቶ ለመውጣት አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ ቢያልፍ ነው። እንጀራ እንኳ ከዚያ ይቆያል። ጠርዙ ያብጣል፣ ጠቆር ጠቆር ይላል፤ መሐሉ ግን ልስልስ ያለ ነው። ይህን ፒዛ የመጋገር ሙያ ዩኔስኮ በ2017 እ.ኤ.አ. መዝግቦላቸዋል። እኛ በ1979 እ.ኤ.አ. ፋሲል ግቢን የሚያህል ድንጋይ አስመዘገብን፤ እነሱ ሊጥ አስመዘገቡ። ማን ብልጥ ነው?

ማርጌሪታ የሚባለው ፒዛ በ1889 እ.ኤ.አ. ለንግሥታቸው ለማርጌሪታ ተሠራ ይባላል። አባባ፣ ዓመቱን ልብ ይበሉ። የውጫሌ ውል የተፈረመበት ዓመት ነው። ባሏ ራሱ ንጉሥ ኡምቤርቶ ነው። እሱ እኛን በአንቀጽ 17 ሊያታልል ሲሞክር ሚስቱ ፒዛ እየበላች ነበር ማለት ነው። ይህን ለባልደረባዬ ነግሬው ሳቀና ሁለተኛውን ፒዛ እሱ ከፈለ። ካሳ ነው አልኩ።

እዚህ ላይ ብቆም ምንም አልሆንም ነበር። ረቡዕ ጠዋት ግን መንገድ ላይ በዘይት የተጠበሰ ፒዛ ይሸጣሉ፤ እሱን በላሁ። ከሰዓት በኋላ ስፎሊያቴላ የሚሉትን ብስኩት መሳይ ነገር በላሁ። ስትነክሺው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ትኩስ አይብ ነው። ሁለት። ሐሙስ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ተጠቅልሎ። ጀላቲ በቀን ሦስት ጊዜ። ዓርብ ሥጋ፤ በዓለ ሃምሳ ነው ብያለሁ። ማታ ደግሞ የኖና እራት አለ። የኖና ቴሌቪዥን ሳምንቱን ሙሉ የሮሙን ጳጳስ የፖፕ ፍራንሲስን ዕረፍት ነበር የሚያሳየው። ኖና በአንድ ዓይናቸው ያለቅሳሉ፣ በሌላው የእኔን ሳህን ይጠብቃሉ።

ቡናቸውን ሳልነግርሽ እንዳላልፍ። ቆመው ነው የሚጠጡት! ሁለት ፉት ትይዋለሽ፣ አለቀ። አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ፣ ሐሜትም የለ። "ይሄ ምን ቡና ነው?" ብዬ ልንቅ ስል አንድ ሰውዬ ገብቶ አንድ ጠጣና የሁለት ከፍሎ ወጣ። ምንድነው ብዬ ጠየቅሁ። የተንጠለጠለ ቡና ይሉታል። ገንዘብ የሌለው ሰው መጥቶ "የተንጠለጠለ አለ?" ሲል በነጻ ይቀዳለታል። ከፋዩ ማን እንደጠጣው አያውቅም፤ ጠጪውም ማን እንደከፈለለት አያውቅም። ዝም አልኩ። እኔም የሁለት ከፈልኩ። በአንቺ ስም ነው።

አሁን ወደ እሁዱ። ዳግማ ትንሣኤ ነበር።

ገና በጠዋቱ የነቃሁት በምግብ ሽታ ነው። ዓይኔን ሳልገልጥ እኛ ሰፈር፣ ጎንደር ቀሃ ኢየሱስ ያለሁ መሰለኝ። ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። ተነስቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ኖና በነጠላ ጫማ ድስቱ አጠገብ ቆመዋል፤ ድስቱ ተክ ተክ ይላል። የቲማቲም ወጥ ነው። ራጉ ይሉታል። ለሰዓታት በቀስታ እሳት ነው የሚበስለው። ለተክ ተክታውም የራሳቸው ቃል አላቸው፤ "ፒፒያሬ" ነው የሚሉት። እማዬ፣ ልክ እንዳንቺ ክዳኑን ገርበብ አድርገው፣ የእንጨት ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋድመው። አንድ ቃል ሳንነጋገር በርጩማ አመጡልኝ። ልጅ ሆኜ ዶሮ ሲሠራ እንደማደርገው ቁጭ ብዬ አየሁ።

ባልደረባዬ አሳማ እንደማልበላ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ራጉውን በበሬ ሥጋ ብቻ ሠሩት። ይህን ለማድረግ ስንት ዓመት የለመዱትን እንደለወጡ በኋላ ነው የሰማሁት። ነገር ግን ካዛቲዬሎ የሚባል የፋሲካ ዳቦ አላቸው። ክብ ነው፣ እንቁላል ከነቅርፊቱ ከላይ ተቀብሮበታል፤ ከሩቅ ለበዓል የተደፋ ድፎ ይመስላል። ውስጡ ግን የአሳማ ሞራና ሥጋ አለበት። እምቢ አልኩ። ኖና "ረስቼው!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ፊታቸው ጠቆረ። የእኔ ጥፋት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። አንዱን እምቢ ስላልኩ ሌላውን ሁሉ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተቀመጥን። አስራ አንድ ሰው። መጀመሪያ አይብ፣ ወይራ፣ የተጠበሰ አትክልት፣ ዳቦ መጣ። ይህ መቅመሻ ነው። ቀመስኩ። ከዚያ ፓስታው መጣ። ዚቲ የሚባል ረጅም መኮሮኒ ነው፤ ኖና በእጃቸው ሰባብረው የቀቀሉት። እኛ ቤት ፓስታ እስኪልም ነው የሚቀቀለው። የእነሱ ጥርስ ላይ ትንሽ ይከራከራል። መጀመሪያ ጥሬ መሰለኝ። ከራጉው ጋር ስጎርሰው ግን ክርክሩን እኔ ተሸነፍኩ። እንጀራ ቢኖር! ብዬ ብቻ ተመኘሁ። ሁለት ሳህን በላሁ። ኖና "ማንጃ! ማንጃ!" አሉ። ብላ፣ ብላ ማለት ነው። ሦስተኛ ጨመሩ። ሳህኑን በዳቦ ጠራርጌ አብስኩት። ይህንንም ይወዱታል፤ ስም ሳይቀር አውጥተውለታል፣ "ስካርፔታ" ይሉታል። ጠገብኩ፣ አመሰገንኩ፣ ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አላላሁ። እጅ መታጠቢያ እስኪመጣ ጠበቅሁ።

የመጣው ሥጋው ነው።

ለካ ፓስታው "የመጀመሪያው" ነው። በራጉው ውስጥ የበሰለው ሥጋ ተለይቶ እንደ "ሁለተኛ" ነው የሚቀርበው። እኔ ተራራውን ወጥቼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ገና በአንደኛ ማርሽ ላይ ነበርን።

የማርሽ ነገር ካነሳሁ፣ ኖና ጣሊያንኛ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዘዞ ጋራዥ ረዳት ሳለሁ የተማርኩትን ዘረገፍኩላቸው። ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ። የባልደረባዬ አጎት መኪናውን ሊያሳየኝ ቁልፉን አወጣ። ምነው ያኔ በወጣሁ! ኖና ግን "ልጁ ሳይበላ የትም አይሄድም" አሉ።

ሥጋውን በላሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዳቦውን ቆርሼ፣ ሥጋውን ጠቅልዬ፣ ተነስቼ ለኖና ጉርሻ ዘረጋሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ኖና አዩኝ፣ ጉርሻውን አዩት፣ አፋቸውን ከፈቱ። ሁሉም አጨበጨበ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን ደገምኩ። ኖና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! እሳቸው እኔን ማጉረስ ጀመሩ። እማዬ፣ ያንቺን የበዓል ጉርሻ ታውቂው የለ? የእሳቸው ይበልጣል።

ሰላጣ መጣ። ብርቱካን መጣ። በመጨረሻ ፓስቲዬራ የሚሉት የፋሲካ ኬክ መጣ። ይህን ስታዪ ትገረሚያለሽ፤ ውስጡ የስንዴ ንፍሮ ነው! ንፍሮ በአይብና በስኳር፣ በብርቱካን አበባ ውሃ ተለውሶ። ሞራውን ለእኔ ሲሉ በቅቤ ለውጠውታል። በቅቤ የለወጡልኝን እንዴት አልበላም? ሁለት ቁራጭ። ከዚያ ቡና።

(ሚጡ፣ ከቡናው በኋላ ሊሞንቼሎ የሚባል የሎሚ አረቄ ነበር። ሦስት። ይህን ካነበብሽላት ላንቺ የገዛሁትን ጫማ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።)

ከጠረጴዛው የተነሳነው ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማለቴ እነሱ ተነሱ። እኔ ቀረሁ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቁንጣን ያዘኝ። ቁንጣን ስልሽ የልጅነቱን እንዳይመስልሽ። ሆዴ የጥምቀት ከበሮ ሆነ። መተኛት አልችል፣ መቀመጥ አልችል። በግራ ስተኛ ፓስታው፣ በቀኝ ስተኛ ሥጋው። ላብ አጠመቀኝ። ሽንት ቤት ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፌጦ። ያቺ ቋጥረሽ የሰጠሽኝ ፌጦ። የት ናት? ፍራንክፈርት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልላ።

ኖና ድምፅ ሰምተው በሌሊት ልብሳቸው መጡ። ግንባሬን ነኩ። ሄደው ሳህን ውሃ ይዘው ተመለሱ። የወይራ ዘይት ጠብ፣ ጠብ አደረጉበት። አማተቡ፣ አንሾካሾኩ፣ ዘይቱ ሲበተን ትኩር ብለው አዩ። ባልደረባዬ በእንቅልፍ ልቡ ተረጎመልኝ፤ "የሰው ዓይን በልቶህ ይሆናል ነው የምትለው።"

እማዬ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ቡዳ! ከጎንደር እዚህ ድረስ ተከተለኝ። አንቺም ብትኖሪ ጤና አዳም አሽትተሽ "ማነው የበላህ?" ትይ ነበር። ለኖና እውነቱን እንዲነግርልኝ ለመንኩት። ማንም አልበላኝም። የበላሁት እኔው ነኝ።

ኖና ግን ዘይቱን ደፍተው የሎሚ ልጣጭ በውሃ አፈሉልኝ። ካናሪኖ ይሉታል፤ ቢጫ ስለሆነ በወፏ ስም የተጠራ ነው። ትኩሱን ፉት እያልኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። በየመሐሉ በራሳቸው ቋንቋ ይቆጡኛል። አንዱንም ቃል አልሰማሁም፤ ግን ቁጣው ያንቺው ቁጣ ነው፤ ራስሽ አብልተሽ አብልተሽ ስታበቂ "ምነው ሆዱን አያውቅ ይህ ልጅ!" የምትይው። ሊነጋጋ ሲል ለቀቀኝ። ጠዋት ሰገነቱ ላይ አስቁመው ፎቶ አነሱኝ። እልል ያልሽበት ፎቶ እሱ ነው።

ሚዛን ላይ ወጥቼ ነበር። የጾሙን 4 ኪሎ መልሻለሁ፤ አንድ ተጨምሮበት።

እማዬ፣ እዚያ ሆኜ የምትለማመጭኝን አስታወስኩ። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይህቺን ብቻ" ስትይኝ እየሸሸሁ በር ላይ ጫማዬን አጠልቅ ነበር። ሥራ ረፈደብኝ እያልኩ። አንዳንዴ እየተቆጣሁ። እዚህ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ሱቁ ሞልቷል፣ ገንዘቡም እንዳቅሚቲ አለ። ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ "ብላ እንጂ!" ብሎ አልተቆጣኝም። ምግብ ያቀርቡልሻል፣ "በቃኝ" ስትይ "እሺ" ይሉና ሳህኑን ያነሱታል። አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁት። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ለወጉ እምቢ እያልኩ ስንቴ ተርቤ ወጥቻለሁ። ኖና ግን አራቴ ጠየቁ። በአምስተኛው ሳህኔን ቀሙኝ። እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል?

ፍራንክፈርት ከተመለስኩ ሳምንት ሊሞላኝ ነው። በሶና አጥሚት ላይ ነኝ። ትናንት ማታ ግን ከሥራ ስመለስ ሽሮዬን አሙቄ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ትሪም አወጣሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰው የሚመጣ ካለ ፌጦ ላኩልኝ። ብዙ አትላኩ፤ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ግማሹ ለኖና ነው። በርበሬም ለእሳቸው ቃል ገብቻለሁ። ስለ ዶሮ ወጥ ነግሬያቸው ጉጉት ይዟቸዋል። አስራ ሁለቱን ብልት በጣቴ ቆጥሬ አሳየኋቸው። አንድ ነገር ላይ ግን ተጣላን። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ያለ ቅቤ ነው የሚቁላላው ስላቸው አላመኑኝም። "ያርራል!" አሉ። "አያርርም" አልኩ። "አንተ ወንድ ነህ፣ ምን ታውቃለህ፤ እናትህን ጠይቅ" አሉኝ።

እንግዲህ እየጠየቅሁሽ ነው። ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት ይቁላላ? ውሃው ጠብ ጠብ የሚደረገው መቼ ነው? ቅቤው ከበርበሬው በፊት ነው ወይስ በኋላ? "በዓይኔ ነው የማውቀው" እንዳትይኝ። ለሚጡ እየነገርሻት በደንብ ትጻፍልኝ። መልስሽ እስኪደርስ ድስቱን እንዳይጥዱት ነግሬያቸዋለሁ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። እማሆይን ስለቱ ይቆይ በያቸው።

ልጅሽ

(ሚጡ፣ ጫማው 38 ነው አይደል?)